የሦስት ሰዎች አደራ

መዝገበ ቃላትን እንደ ልብ ወለድ ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ሰው አላጋጠመኝም። ቃል ሲጠፋብን እንገልጠዋለን፤ የፈለግነውን አግኝተን ወደ መደርደሪያው እንመልሰዋለን። መቅድሙንማ ማን ያየዋል! እኔ ግን ዛሬ ስለ አንድ መዝገበ ቃላት ልጽፍ ተነሥቻለሁ፤ ያውም እንደ ቃላት ክምችት ሳይሆን እንደ ምስጋና ደብዳቤ ቆጥሬው። ደቀ መዝሙር ለመምህሩ የጀመረው፣ ለመድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የፈጀበት፣ በመጨረሻም በሌላ ደቀ መዝሙር እጅ ለአንባቢ የበቃ ደብዳቤ ነው።

መጽሐፉ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ይባላል። የታተመው በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ በአርቲስቲክ ማተሚያ ቤት ነው። ንባቡ በግእዝ፣ ፍቺው ባማርኛ ሲሆን 900 ገጽ ያህል አለው። ግእዝን ጠለቅ አድርጎ ለመማር የሞከረ ሰው ሁሉ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን ስም ከዚህ መጽሐፍ ጋር አያይዞ ያውቀዋል። ነገሩ የሚጀምረው ግን ከሳቸው አይደለም፤ የሚፈጸመውም በሳቸው አይደለም።

መጀመሪያ የነበሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው። ያገር ቤቱን ትምህርት በወጉ ከተማሩ በኋላ ከኢትዮጵያ ወጥተው ሮማ የገቡ ሊቅ ነበሩ። እዚያም ኢኛትሲዮ ጉይዲ የተባለው ታዋቂ የሴም ቋንቋዎች ሊቅ አገኛቸው። ጉይዲ አማርኛን ያጠናው፣ ተረትና ምሳሌውንና ግጥሙን የሰበሰበው በሳቸው ረዳትነት ነው። በ1901 እ.ኤ.አ. ሮማ ላይ ያሳተመው የአማርኛና የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላትም የክፍለ ጊዮርጊስ ዕውቀት የፈሰሰበት ሥራ ነው፤ ጉይዲም ይህን አልደበቀም።

እዚህ ላይ ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ። የውጭ ምሁር ለኢትዮጵያዊ መምህሩ ምስጋና ሲያቀርብ ጉይዲ የመጀመሪያው አልነበረም። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ በ1649 እ.ኤ.አ. ሮማ በሚገኘው የሐበሾች ማረፊያ በቅዱስ እስጢፋኖስ አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። አባ ጎርጎርዮስ ከአምሐራ ምድር ከመካነ ሥላሴ የመጡ ካህን ነበሩ። ሉዶልፍ ከመጽሐፍ የለቃቀመው ግእዝ ነበረው፤ ሁለቱ የሚግባቡት በዚያ በተሰባበረ ግእዝ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ አባ ጎርጎርዮስ እስከ ጎታ ከተማ ድረስ ሄደው ሉዶልፍን አስተማሩት። በ1658 እ.ኤ.አ. ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲጓዙ የተሳፈሩባት መርከብ ሰጠመችና ባሕር ውስጥ ቀሩ። ሉዶልፍ ግን አልረሳቸውም። በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1691 የዚያን ታሪክ ሐተታ፣ በ1698 የአማርኛውን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ሲያሳትም የመምህሩ ስም ከብዕሩ አልተለየም። ምስላቸውንም አስቀርጾ በመጽሐፉ አወጣው። የአማርኛው ሰዋስው የታተመው አባ ጎርጎርዮስ ባሕር ከገቡ 40 ዓመት በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል። እንግዲህ ለመምህር የሚከፈል ዕዳ ዘግይቶ የመከፈል ጠባይ ያለው ይመስላል።

ወደ ክፍለ ጊዮርጊስ ልመለስ። ለውጭው ምሁር ዕውቀታቸውን ሲያቀብሉ የኖሩት መምህር በልባቸው ሌላ ሥራ ነበራቸው። የግእዝን ግስ በግእዝ ሊቃውንት ዐይን አይቶ፣ ከዕብራይስጥና ከዓረብ ከሱርስትም ጋር አስተያይቶ፣ ባማርኛ የሚፈታ መጽሐፍ ለመጻፍ ያስቡ ነበር። በዚያ ጊዜ ዓለም የሚጠቅሰው የግእዝ መዝገበ ቃላት ኦገስት ዲልማን በ1865 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነበር። ዲልማን ኢትዮጵያን ረግጦ የማያውቅ፣ ግእዝን ከብራና የተማረ ሰው ነው፤ ፍቺውም በላቲን ነው። የዋሸራ ወይም የጎንጅ የቅኔ ተማሪ ያን መጽሐፍ ቢሰጡት ምን ያደርገዋል? ክፍለ ጊዮርጊስ ሥራውን ጀመሩ። ዕድሜ ግን አልበቃቸውም። ጅምሩን ኢየሩሳሌም ላይ ለደቀ መዝሙራቸው ለኪዳነ ወልድ አስረከቡ።

ጊዜው ኢየሩሳሌም ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበር የጠነከረበት ጊዜ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ያስጀመሩት የደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው ያን ሰሞን ነው። አንዱ ጀምሮት ሌላው የሚጨርሰው ነገር እዚያ አካባቢ ብርቅ አልነበረም ማለት ነው።

የደቀ መዝሙሩን ስም አንባቢ ደግሞ እንዲያየው እፈልጋለሁ፤ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ። መምህሩ ክፍለ ጊዮርጊስ፣ ደቀ መዝሙሩ ክፍሌ። እንደሚነገረው አለቃ ኪዳነ ወልድ በአባት ስም ቦታ የያዙት የመምህራቸውን ስም ነው። በኛ አገር ልጅ ከአባቱ ስም ተነጥሎ በማይጠራበት ባህል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሥጋዬን የወለደው አለ፣ እኔን የወለደኝ ግን እሱ ነው እንደ ማለት ነው።

ለመሆኑ በአብነት ትምህርት ቤት መምህር ምንድን ነው? ይህን የማያውቅ የከተማ አንባቢ የኪዳነ ወልድን ነገር የምሁር ወግ አድርጎ ሊወስደው ስለሚችል ጥቂት ልበል። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከአገሩ ርቆ ሲሄድ አባትና እናቱን ትቶ ነው። የሚማረው በነፃ ነው፤ የኔታ ደመወዝ አይቆርጡለትም፣ እሱም አይከፍልም። በምትኩ ያገለግላል። ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ሲመሽ የመምህሩን እግር ያጥባል። ለምኖ ያመጣውን ቁራሽ ከጓደኞቹ ጋር ይካፈላል። ቅኔ ተቀኝቶ የኔታ ፊት ሲያቀርብ ይነቀፋል፤ ሲደግም ይነቀፋል፤ አንድ ቀን «ይበል» የተባለ እንደ ሆነ ያን ቀን እስኪሞት አይረሳውም። ከዚያም ሲመረቅ መምህሩ እጃቸውን ጭነው ይመርቁታል። ገንዘብ ያልተከፈለበት ነገር በገንዘብ አይመለስም። ዕዳው በምን ይወርዳል ቢሉ፣ የተማሩትን በማስተማር ብቻ ነው።

ቋንቋውም ራሱ ይህን ይናገራል። ደቀ መዝሙር ከሚለው ሌላ ግእዝ «ረድእ» የሚል ቃል አለው፤ ሲበዛ «አርድእት»። ምንጩ «ረድአ» ነው፤ ረዳ ማለት። ስለዚህ ረድእ ማለት ከቃሉ ከተነሣን አድናቂ አይደለም፣ ተከታይም አይደለም። ረዳት ነው። ሥራ ላይ እጁን የሚያስገባ ሰው ነው። ይህን ካየሁ ወዲህ ስለ መምህርና ስለ ደቀ መዝሙር የሚወራውን ሁሉ በዚህ ቃል መመዘን ለምዶብኛል።

እኔ የምኖረው ቦሌ አራብሳ ነው። አራብሳ ኮንዶሚኒየም ከየሰፈሩ በዕጣ የተሰበሰበ ሰው የሚኖርበት በመሆኑ ማን ከማን እንደ ተማረ፣ ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም። ከኛ ብሎክ አጠገብ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ዕጣው የወጣው ለልጃቸው ሲሆን እሳቸው ከጎጃም የመጡት አርጅተው ጧሪ ሲፈልጉ ነው። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ በመሆኑ ደረጃው ስለሚከብዳቸው ከወረዱ ቶሎ አይመለሱም፤ ግንቡን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ዋሸራ ቅኔ የቆጠሩ ሰው መሆናቸውን ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው። በፌስታል የተጠቀለሉ አራት ደብተሮች አሏቸው፤ ጠርዛቸው ተበልቷል። ከመምህራቸው አፍ የወሰዷቸው ቅኔዎችና የግስ ዝርዝር ነው።

«ጠዋት ስማቸውን ሳልጠራ ውሃ አልቀምስም» አሉኝ አንድ ቀን ስለ መምህራቸው ሲያጫውቱኝ።

«መሪጌታ፣ ይህን ደብተር ለማን ሊሰጡት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ደብተሩማ ቀላል ነው ልጄ፣ አንተም ትወስደዋለህ። የሚወስደኝ ነው ያጣሁት።»

የሰፈሩ ልጆች ጠዋት በሰርቪስ ይሄዳሉ፣ ማታ ይመለሳሉ፣ ከዚያ ጥናት አለ። ወላጆቹም ከመገናኛ ታክሲ ተጋፍተው ሲገቡ መሽቷል። ማንንም መውቀስ አይቻልም። ሆኖም ሽማግሌው ያዘኑት ስለ ራሳቸው አልነበረም። ያሳሰባቸው የመምህራቸው ዕዳ በሳቸው ላይ ተቋርጦ መቅረቱ ነው። እኔም መዝገበ ቃላቱን አውጥቼ መቅድሙን በደንብ ማንበብ የጀመርኩት ከዚህ በኋላ ነው።

ይህ ነገር የኛ ብቻ አለመሆኑን ደግሞ ሌላ ንባብ አስተማረኝ። በሕንድ አገር ቪሽኑ የተባለውን አምላክ የሚያመልኩት ቫይሽናቫዎች መንፈሳዊ መምህራቸውን ጉሩ ይሉታል። ትምህርቱ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲወርድ የሚሠራውን ሰንሰለትም ፓራምፓራ ይሉታል። የመምህራን በዓል የሚከበረው በኛ አቆጣጠር በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ፣ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ቀን ነው። ከዚያ ሌላ በመምህሩ የልደት ቀን ደቀ መዛሙርቱ በየግላቸው የምስጋና ጽሑፍ ያቀርባሉ። በአንዳንዶቹ ዘንድ ይህ ጽሑፍ በየዓመቱ ተሰብስቦ በመጽሐፍ ይታተማል። መምህሩን በአበባ ያስጌጡታል፣ እግሩን ያጥቡታል። እግር ማጠቡ እንኳ ለኛ እንግዳ አይደለም።

ከነዚህ ሰዎች መካከል የአንዱ ታሪክ ከኪዳነ ወልድ ታሪክ ጋር እጅግ ይቀራረባል። አባይ ቻራን ዴ ይባላሉ፤ የመድኃኒት ነጋዴ፣ ሚስትና ልጆች ያሏቸው የካልካታ ሰው ነበሩ። በ1922 እ.ኤ.አ. ባክቲሲዳንታ ሳራስዋቲ ከተባሉት መምህር ዘንድ ሲቀርቡ መምህሩ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ለውጭው ዓለም እንዲያደርሱ አዘዟቸው። ወጣቱ ነጋዴ ትእዛዙን ሰምተው ወደ ንግዳቸው ተመለሱ። በ1936 መጨረሻ፣ መምህሩ ሊያርፉ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው፣ ያንኑ ትእዛዝ በደብዳቤ ደገሙላቸው። ዓመታት አለፉ። ንግዱ ከሰረ፣ ልጆቹ አደጉ፣ እሳቸውም መነኮሱ። በመጨረሻ በ1965 እ.ኤ.አ. ዕድሜያቸው ወደ 70 ሲጠጋ ጃላዱታ በምትባል የጭነት መርከብ ተሳፍረው ወደ ኒውዮርክ ተጓዙ። በጉዞው ላይ ልባቸው ክፉኛ ታመመ። የያዙት ገንዘብ 40 ሩፒ ብቻ ሲሆን ከሱ ጋር የተረጎሟቸውን መጻሕፍት ጭነው ነበር። በማግሥቱ ዓመት በብዙዎች ዘንድ «ሐሬ ክሪሽና» በሚለው ዝማሬው የሚታወቀውን ማኅበር መሠረቱ። ፕራቡፓዳ ተብለው የታወቁት እኚህ ሰው ናቸው። ከ1922 እስከ 1965 ድረስ 43 ዓመት ነው። አደራን 43 ዓመት ሙሉ ሳይጥሉ ተሸክሞ መኖር ምን ዓይነት ነገር እንደ ሆነ የሃይማኖቱ ተከታይ ያልሆነ ሰውም ሊገምተው ይችላል።

ግን የታሪኩ ቀጣይ ክፍልም መነገር አለበት። ፕራቡፓዳ በ1977 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ 11 ደቀ መዛሙርት ጉሩ ሆነው ተነሡ። ዓለምን እንደ አህጉረ ስብከት ተከፋፈሉት። ለመምህሩ በተዘጋጀው ዓይነት ከፍ ያለ ወንበር ላይ እየተቀመጡ ስግደት ይቀበሉ ጀመር። አሥር ዓመት ሳይሞላ በርከት ያሉት ከዚያ ወንበር ወርደዋል፤ በ1987 እ.ኤ.አ. ማኅበሩ ራሱ ሥርዓቱን ለማረም ተገደደ። በኔ ግምት የተከሰተው ይህ ነው፤ አንዳንዶቹ ከመምህሩ የወረሱት ሥራውን ሳይሆን መቀመጫውን ነበር።

በዚህ ግን እኛም አንኩራ። የሐይቅና የደብረ ሊባኖስ ገዳማት ደቀ መዛሙርት አቡነ ኢየሱስ ሞዓና አቡነ ተክለ ሃይማኖት ካረፉ በኋላ ማን ለማን አመነኮሰ፣ የማን መምህር ይበልጣል እያሉ በየገድላቸው ረዥም ክርክር ገጥመዋል። መምህርን ማክበር ወደ ክብር ሽሚያ ሲለወጥ ቅድስናም አያስጥለውም። በአንጻሩ ገላውዴዎስ የተባለው መነኩሴ በ1672 እ.ኤ.አ. የወለተ ጴጥሮስን ገድል ሲጽፍ እሷ ካረፈች 30 ዓመት አልፎ ነበር። እሷን በዐይናቸው ያዩ መነኮሳይያት እያረጁ ሲሄዱ የሚያስታውሱትን እየሰማ ጻፈው። እሱ ባይጽፈው ኖሮ ያቺ ሴት ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ያደረገችውን ትግል ዛሬ እኛ በምን እናውቀው ነበር?

አለቃ ኪዳነ ወልድ የመረጡት ሥራውን ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል በኢየሩሳሌም ኖሩ። ዕብራይስጡን፣ ሱርስቱን፣ ዓረቡን የተማሩት ለመምህራቸው ጅምር ስለሚያስፈልግ ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የሕዝቅኤልን ትርጓሜ ድሬዳዋ ላይ አሳተሙ። ሰው በዚህ ብቻ ስሙ ይቆያል። እሳቸው ግን ግሱን አልጣሉትም። መሠረቱን እየመረመሩ፣ ከጎረቤት ቋንቋ ጋር እያስተያዩ፣ የተጠራጠሩትን እየሰረዙ ቀጠሉ።

በነገራችን ላይ መጽሐፉን መጠቀም ቀላል አይደለም። አለቃ ኪዳነ ወልድ ሀ ለ ሐ መ የሚለውን የተለመደ ተራ ትተው የጥንቱ ተራ ነው ያሉትን አ በ ገ ደን ተከተሉ። አንድ ቃል ለማግኘት የምንፈልግ ሰዎች ጣታችንን እየላስን ወዲያና ወዲህ እንገልጣለን። እኔ በግሌ በዚህ ስንት ጊዜ ተበሳጭቻለሁ! ደቀ መዝሙር የመምህሩን ዕውቀት ሲወርስ ጽናቱንም ግትርነቱንም አብሮ ይወርሳል፤ የአበገደ ተራም ከአለቃ ኪዳነ ወልድ ወደ ደቀ መዝሙራቸው አልፏል።

ያ ደቀ መዝሙር ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። አለቃ ኪዳነ ወልድ በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ መጽሐፉ አልታተመም ነበር። የመምህራቸውን አደራ ተሸክመው አርጅተው፣ እሳቸውም በተራቸው አደራ ሰጥተው አለፉ። እዚህ ላይ ነገሩ ሊቋረጥ ይችል ነበር። በእጅ የተጻፈ ከባድ ጽሑፍ፣ በልዩ ልዩ ፊደላት የተሞላ፣ ለማረም ዐዋቂ የሚፈልግ፣ ለማሳተም ደግሞ ገንዘብ የሚፈልግ ነው። ስንቱ የሊቃውንት ድካም በየሣጥኑ የአይጥ ራት ሆኖ ቀርቷል! ደስታ ተክለ ወልድ ግን አደራጅተው፣ አርመው፣ ፊደል በፊደል ተከታትለው 1948 ዓ.ም. ላይ ለኅትመት አበቁት። መምህራቸው ካረፉ 12 ዓመት፣ የመምህራቸው መምህር ካለፉ ደግሞ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሆኖ ነበር።

ልብ ይሏል፣ የደስታ ተክለ ወልድ የራሳቸው ሥራ እስከዚያ ድረስ መጠበቅ ነበረበት። «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» የታተመው በ1962 ዓ.ም. ነው፤ ከመምህራቸው መጽሐፍ 14 ዓመት በኋላ። አማርኛ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ዛሬም የሚደገፍበት ይህ ትልቅ ሥራ በአበገደ የተደረደረ ነው። ደራሲው ስማቸውን በሁለተኛው መጽሐፍ ያስጠሩት የመምህራቸውን በመጀመሪያው ካስጠሩ በኋላ ነው። የዛሬ ደራሲ ቢሆን በዚህ ቅደም ተከተል የሚስማማ አይመስለኝም።

ባለፈው ሰሞን መጽሐፉን ለመሪጌታ ወስጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው የርእሱን ገጽ ረዥም ጊዜ አዩት። ከዚያ ገለጥ ገለጥ አድርገው «ረድአ» የሚለውን ፈለጉ፤ በአበገደ ተራ ለማግኘት እንደ እኔ አልተቸገሩም።